60 ኪሎ ቡና ጅቡቲ ሲደርስ ስንት ይመዝናል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የዘጌ ቡና እነግዳለሁ። 9ኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ሰሞኑን ‹አባዬ፣ ኪሎ እኮ የክብደት መለኪያ አይደለም፤ ክብደት የሚለካው በኒውተን ነው› አለችኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን በኪሎ ስገዛ በኪሎ ስሸጥ ነው የኖርኩት። ታዲያ ምን ስመዝን ነው የከረምኩት? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ዕቃ ከደጋ ወደ ባሕር ጠረፍ ሲወርድ ይከብዳል ይላል። እውነት ከሆነ 60 ኪሎ ብዬ የላክሁት ጆንያ ጅቡቲ ላይ ስንት ሊሆን ነው? ዲጂታል ሚዛኔም አዲስ አበባ ተስተካክሎ የመጣ ነው። ሊያሳስበኝ ይገባል?»

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሚዛን መፈተሽና ማስተካከልም ሥራዬ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎ በሁለቱም በኩል ይመለከተኛል።

በአጭሩ ልጅዎ ልክ ናት። ጓደኛዎም ልክ ነው። እርስዎም ቡናዎን በትክክለኛው መለኪያ ነው ሲሸጡ የኖሩት። ሦስታችሁም እንዴት ልክ ልትሆኑ እንደቻላችሁ ግን ረጋ ብሎ ማየት ይፈልጋል።

ከጆንያው እንጀምር። ጆንያው ውስጥ ያለው ቡና የተወሰነ መጠን አለው። ይህ መጠን መጠነ ቁስ ይባላል፤ ልጅዎ ክፍል ውስጥ ማስ የምትለው ነው። መለኪያው ኪሎግራም ነው። ጆንያው መጋዘን ውስጥ ይሁን፣ መርከብ ላይ ይሁን፣ ጨረቃም ላይ ይውጣ፣ ፍሬ እስካልተነሣለት ወይም እስካልተጨመረለት ድረስ 60 ኪሎው 60 ኪሎ ነው። እርስዎ የሚገዙትም የሚሸጡትም ይህንን ነው። ደንበኛ ገንዘብ የሚከፍለው ለቡናው ብዛት ነው። መሬት ቡናውን በምን ያህል ኃይል እንደምትስበው አያገባውም።

ክብደት ግን ያ ስበት ነው። መሬት ጆንያውን ወደ ታች የምትስብበት ኃይል ማለት ነው። ኃይል ስለሆነ እንደማንኛውም ኃይል በኒውተን ይለካል። ለስበት ደግሞ ሁለት ወገን ያስፈልጋል፤ ሳቢና ተሳቢ። ስለዚህ ክብደት የጆንያው የብቻው ጉዳይ ሊሆን አይችልም። ጆንያው የት ነው ያለው የሚለውም ይገባበታል።

ኒውተን ምን ያህል ኃይል ነው? 100 ግራም ስኳር መዳፍዎ ላይ ያድርጉ። መዳፍዎን ወደ ታች የሚጫነው ኃይል 1 ኒውተን ገደማ ነው። በደንቡ ሲነገር ደግሞ፣ 1 ኪሎ የሆነን ነገር በየሰከንዱ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜትር እንዲጨምር የሚያደርግ ኃይል 1 ኒውተን ይባላል። ይህን ሁለተኛውን አነጋገር ያቆዩልኝ፤ ጣና ላይ ስንደርስ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ባሕር ዳር ላይ መሬት እያንዳንዱን ኪሎ በ9.777 ኒውተን ገደማ ትስበዋለች። የ60 ኪሎ ጆንያ ክብደት እዚህ 60 ሲባዛ በ9.777፣ ማለትም 586.6 ኒውተን ነው። ልጅዎ ክፍል ውስጥ በ9.8 አባዝታ 588 ብትል አልተሳሳተችም። 9.8 ለመላው ዓለም የሚያገለግል ክብ ቁጥር ነው። ለፈተና ይበቃል፤ ለእርስዎ ጥያቄ ግን አይበቃም። ምክንያቱም እርስዎ የጠየቁት ከነጥቡ በኋላ ስላሉት አሃዞች ነው።

ጅቡቲ ላይ ቁጥሩ 9.782 ገደማ ይሆናል። ባሕር ዳርና ጅቡቲ ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱ በዋናነት የከፍታ ነው። እኛ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው የምንኖረው። ከመሬት መሃል ትንሽ ራቅ ብለናል፤ ስበቱም ትንሽ ላልቶልናል። ከመሬት መሃል እስከ ወለሏ በአማካይ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። የእኛ 1.8 ኪሎ ሜትር በዚያ ላይ ሲጨመር ኢምንት ነው። ለውጡም እንደዚያው ኢምንት ነው። ጆንያዎ ጅቡቲ ላይ 586.9 ኒውተን ይሆናል። ከባሕር ዳሩ በ0.3 ኒውተን ይበልጣል። ይህ በግራም ሲታሰብ 30 ግራም ቢሆን ነው፤ አንድ እፍኝ ቡና እንኳን አይሞላም።

ጓደኛዎ ያለው እንግዲህ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን ይህን ያህል ብቻ ነው። ጉዞው ወደ ሰሜን ከቀጠለ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ያው ጆንያ በመርከብ ሀምቡርግ ቢደርስ ስበቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ 9.814 ኒውተን ገደማ ነው። እዚህ የተስተካከለ ባለ ሞላ (ስፕሪንግ) ሚዛን ይዘው ቢሄዱ፣ እዚያ ጆንያውን 60 ኪሎ ከ220 ግራም አካባቢ ይልልዎታል። ቡናው ላይ አንድም ፍሬ አልተጨመረም።

ከፍታ ብቻውን ይህን ያህል አያመጣም። መሬት ድቡልቡል ብትሆንም ፍጹም ክብ አይደለችም። ስለምትሽከረከር ወገቧ ላይ ወጣ ብላለች። ከመሃሏ እስከ ምድር ወገብ 6,378 ኪሎ ሜትር ነው፤ እስከ ዋልታዋ ግን 6,357 ነው። ወደ ዋልታ የቀረበ ሰው ወደ መሃል ቀርቧል። መሽከርከሯ ራሱም ወገቧ አካባቢ ካለው ስበት ጥቂት ይቀንሳል። ስለዚህ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ በራቅን ቁጥር ዕቃ ይከብዳል።

ይህ የታወቀበት መንገድ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1672 ዣን ሪሼ የሚባል ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሰው ከፓሪስ ተነሥቶ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ወዳለችው ካየን ሄደ። ካየን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ባለ ፔንዱለም ሰዓት ይዞ ነበር። ፓሪስ ላይ በትክክል ይሄድ የነበረው ሰዓት እዚያ በየቀኑ 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይቀርበት ጀመር። ሰዓቱ አልተበላሸም ነበር። ፔንዱለሙን የሚመልሰው ስበት ላልቶ ነው። መለኪያው በስሙ የተጠራለት አይዛክ ኒውተን ስለ ስበት የደረሰበትን እ.ኤ.አ. በ1687 ሲያሳትም ይህን የሪሼን ነገር የመሬትን ቅርጽ ለማስረዳት ተጠቅሞበታል። ማንም ሚዛኑን ሳይጠራጠር የስበትን ልዩነት መጀመሪያ ያጋለጠው ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልምጣ። የጥያቄዎ ዋና ነገር ያለው እዚህ ነው።

ገበያ ላይ የምናያቸው ሚዛኖች በሁለት የተለያየ መንገድ ነው የሚሠሩት። ባለ ሁለት ሳህኑን ይውሰዱ። በአንድ በኩል ቡና፣ በሌላ በኩል የታወቀ የሚዛን ብረት ይቀመጣል። መሬት ሁለቱንም ትስባለች። ስበቱ ቢላላ ለሁለቱም እኩል ይላላል፤ ቢጠነክርም ለሁለቱም ነው። ስለዚህ ዘንጉ የሚተኛው ሁለቱ መጠነ ቁሶች እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ባሕር ዳር፣ ጅቡቲ፣ ሀምቡርግ፣ ጨረቃ፣ የትም ቢወስዱት መልሱ አንድ ነው። አያቶቻችን ሲጠቀሙበት የኖሩት ይህ ሚዛን የሚለካው በቀጥታ መጠነ ቁስን ነው። ብረቶቹ እስካልተፋቁና እስካልዛጉ ድረስ እኔ በጣም አምነዋለሁ።

ባለ ሞላው ሌላ ነው። ዓሣ ነጋዴዎች በእጃቸው አንጠልጥለው አምባዛና ቆሮሶ የሚመዝኑበትን አይተውታል። መንጠቆው ላይ የተሰቀለው ነገር ሞላውን ይስባል፤ ሞላው ይለጠጣል፤ መርፌው ይዞራል። ይህ ሚዛን የሚሰማው ኃይል ብቻ ነው። ስለ ኪሎ የሚያውቀው ነገር የለም። ፊቱ ላይ ኪሎ ተብሎ የተጻፈው ፋብሪካው «ይህን ያህል ኃይል ከተሰማህ ይህን ያህል ኪሎ በል» ብሎ አስቀድሞ ስላሰላለት ነው። ስሌቱ የተሠራው በሆነ ቦታ ስበት ነው። ቦታው ሲለወጥ ስሌቱ በትንሹ ይዛነፋል።

ዲጂታሉስ? ብዙ ሰው ዲጂታል ሲባል የተለየ ምሥጢር ያለው ይመስለዋል። ውስጡ ሎድ ሴል የሚባል ብረት አለ። ዕቃ ሲጫንበት ዓይን በማያየው መጠን ይጎብጣል። ላዩ ላይ የተለጠፈ ቀጭን ሽቦ አብሮ ይለጠጥና የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይለወጣል። ማሽኑ ያንን አንብቦ ወደ ቁጥር ይቀይራል። እንግዲህ የሚጎብጥ ብረት ሆነም የሚለጠጥ ሞላ፣ ነገሩ አንድ ነው። ዲጂታሉም የሚሰማው ኃይል ነው። ለዚህ ነው ዲጂታል ሚዛን በሚሠራበት ቦታ መስተካከል አለበት የምንለው። 9.81 ላይ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን ባሕር ዳር ላይ ሳይነካ ሥራ ቢጀምር፣ ትክክለኛውን 60 ኪሎ 59 ኪሎ ከ800 ግራም ነው የሚለው። ይህን ያህል በየጆንያው ከጠፋ በ100 ጆንያ 20 ኪሎ ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም።

በሚሠራበት ቦታ የታወቀ ብረት ላዩ ላይ ጭነን «ይህ 20 ኪሎ ነው» ስንለው ግን የዚያን ቦታ ስበት ሳናውቀውም ቢሆን ውስጡ እናስገባለታለን። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ኃይል ቢሆንም የሚነግረን ኪሎ ትክክል ይሆናል። እርስዎ ዕድሜ ልክዎን በኪሎ ሲሠሩ የኖሩት በዚህ መንገድ ነው። ሚዛኑ የተሰማውን ኃይል ወደ መጠነ ቁስ የሚመልሰው ማስተካከያው ነው።

በነገራችን ላይ፣ ኪሎግራም ራሱ ለረጅም ጊዜ አንድ የብረት ቁራጭ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ ፓሪስ አጠገብ ተቆልፎ የሚቀመጥ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ቅይጥ ነበረ፤ የዓለም ኪሎ ሁሉ በእሱ ይለካ ነበር። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 20 ቀን 2019 ወዲህ ግን ፕላንክ ኮንስታንት በሚባለው የተፈጥሮ ቋሚ ቁጥር ነው የሚበየነው። ያም ሆነ ይህ ኪሎ የመጠነ ቁስ መለኪያ መሆኑ አልተለወጠም።

አንድ የማልዘለው ነገር አለ። ጆንያዎ ጅቡቲ ላይ አንድ ኪሎ ቀንሶ ወይም ጨምሮ ቢገኝ ስበትን አያመካኙ። ማንም ስበትን ምክንያት አድርጎ ቢያቀርብልዎም አይቀበሉት። ስበት 30 ግራም ነው የሚያመጣው። ኪሎ የሚያመጣው እርጥበት ነው። በደንብ የደረቀ ጥሬ ቡና ከክብደቱ ከመቶ 11 ወይም 12 እጅ ውሃ ይይዛል። ወበቃማ በሆነ ወደብ መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። አንድ ከመቶ ብቻ ቢጠጣ 60 ኪሎው ላይ 600 ግራም ይጨመራል። በደረቅ አየር ሲከርም ደግሞ ይቀንሳል። ይህ እውነተኛ የመጠነ ቁስ ለውጥ ነው፤ ባለ ሁለት ሳህኑም ያሳየዋል። እርጥበት ካልሆነ ደግሞ እዚህና ጅቡቲ ከመዘኑት ሁለት ሚዛኖች አንዱ ይሰርቃል ማለት ነው።

እስካሁን ስለ ስበት ነው ያወራነው። መጠነ ቁስ ግን ስበት ባይኖርም ራሱን የሚያሳይበት መንገድ አለ። ለልጅዎ ይህን ማሳየት ከፈለጉ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ጣና ዳር ይውሰዷት።

ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ የሚመጣ የደንገል ታንኳ ስታይ ባለታንኳውን ትመልከት። ውሃው ታንኳውንም እንጨቱንም ሰውየውንም ተሸክሞለታል። መሬት ወደ ታች የምትስበውን ያህል ውሃው ወደ ላይ ይገፋል፤ ሁለቱ እኩል ሆነዋል። ሰውየው ምንም ነገር ወደ ላይ አያነሣም። ታዲያ ለምንድን ነው ከቆመበት ሲነሣ ዘንጉን ተክሎ ወገቡን አጉብጦ እንደዚያ የሚገፋው? ባዶውን ታንኳ እኮ በአንድ ግፊት ያስፈተልከዋል። የተጫነው ግን መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ቀጥሎም ሊቆም አይፈልግም። ለዚህ ነው ባለታንኳው ዳር ሊደርስ ገና ብዙ ሲቀረው መግፋቱን የሚተወው። እስከ መጨረሻ ከገፋ ከድንጋዩ ጋር ይላተማል።

ያ መነሣትም መቆምም እምቢ የሚለው ነገር መጠነ ቁስ ነው። ክብደቱን ውሃው ወስዶታል፤ መጠነ ቁሱን ግን ማንም ሊወስደው አይችልም።

በቁጥር እንየው። ታንኳውና ሰውየው አንድ ላይ 120 ኪሎ ናቸው እንበል። ሰውየው በ60 ኒውተን ይገፋል። የውሃውን መቋቋም ለጊዜው እንተወው። 60 ለ120 ሲካፈል 0.5 ይሆናል። ፍጥነቱ በየሰከንዱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይጨምራል ማለት ነው። 240 ኪሎ እንጨት ሲጨመር ጠቅላላው 360 ኪሎ ነው። በዚያው 60 ኒውተን ሲገፋ 60 ለ360 ይካፈላል፤ 0.17 ገደማ ይሆናል። መጠነ ቁሱ ሦስት እጥፍ ሆነ፣ የፍጥነት ለውጡ ሲሶ ሆነ። ልጅዎ ይህን የፍጥነት ለውጥ አክስለሬሽን ትለዋለች። ኃይል ማለት መጠነ ቁስ ሲባዛ በአክስለሬሽን የሚለው የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ይኸው ነው። ከላይ ያቆየነው የኒውተን ትርጉምም ከዚህ የመጣ ነው።

ልብ ካለች አንድ ተጨማሪ ነገር ታያለች። ታንኳ ሲውል ሲያድር ደንገሉ ውሃ ይጠጣል። ለዚህ ነው ዳር ላይ አውጥተው የሚያደርቁት። ውሃ የጠጣ ታንኳ መጠነ ቁሱ ራሱ ጨምሯል። ለማንሣትም ለመግፋትም ያስቸግራል። ከቡናዎ እርጥበት ጋር አንድ ነገር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ተማሪዎችን ሁሉ የሚያደናግረው አለ። ሚዛን የሚያነበው ሁልጊዜ ክብደትን አይደለም። ላዩ ላይ የሚያርፈውን ግፊት ወይም ከሥሩ የሚጎትተውን ነው። ሌላ ኃይል ጣልቃ ከገባ ንባቡ ይለወጣል፤ ክብደቱ ግን አልተነካም።

ቀላሉ ሙከራ ይህ ነው። ቀዳዳ የሌለው ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ይፈልጉ። ባሕር ዳር ላይ ጥቁር ድንጋይ አይጠፋም። 3 ኪሎ ያህል ይሁን። በገመድ አስረው ባለ ሞላ ሚዛን ላይ ይስቀሉት። 3 ኪሎ ይላል። አሁን ሚዛኑን ይዘው ድንጋዩን ባልዲ ውሃ ውስጥ ያስገቡት፤ ሥሩን ግን እንዳይነካ። መርፌው ወደ 2 ኪሎ ይወርዳል። ከድንጋዩ ምንም አልጎደለም። መሬትም ስበቷን አልቀነሰችም። ድንጋዩ 1 ሊትር ያህል ውሃ ገፍቶ ቦታውን ያዘ፤ ውሃው ደግሞ የዚያን 1 ሊትር ክብደት ያህል ወደ ላይ ገፋው። ዓሣ አጥማጅ መረብ ሲስብ ውሃው ውስጥ ቀሎት ከውሃው ሲወጣ የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዓሣማ ውሃ ውስጥ እያለ ሚዛን ላይ ቢሰቀል ዜሮ ሊል ምንም አይቀረውም።

ማዕበል በሚያወዛውዘው ጀልባ ላይ የሚመዝን ሰው መርፌው ሲዘል አይቶ «ሚዛኑ ተበላሽቷል» ይላል። አልተበላሸም። ጀልባው ወደ ላይ ሲነሣ ዓሣውንም አብሮ ማንሣት አለበት፤ ለዚያ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋል፤ ሞላው ያንን ያነባል። ሲወርድ ደግሞ ይቀንሳል። መርከብ ላይም መኪና ላይም የተመዘነ ነገር ላይ ዋጋ አይቁረጡ። ሊፍትም ያው ነው። 70 ኪሎ የሆነ ሰው ሚዛን ላይ ቆሞ ሊፍቱ በየሰከንዱ በሰከንድ 1 ሜትር እየፈጠነ ወደ ላይ ቢነሣ 77 ኪሎ ያነባል። እየፈጠነ ሲወርድ 63 ይሆናል። ሊፍቱ እኩል ፍጥነት ሲይዝ ወይም ሲቆም ወደ 70 ይመለሳል።

የሊፍቱ ገመድ ተበጥሶ በነፃ ቢወድቅ ሚዛኑ ዜሮ ይላል። ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው እዚያ ስበት የለም ይላል። አለ። 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ስበቱ እዚህ ካለው ወደ 90 በመቶ የሚጠጋ ነው። መንኮራኩሩም ጠፈርተኛውም አብረው በመሬት ዙሪያ ያለማቋረጥ እየወደቁ ስለሆነ ነው አንዱ ሌላውን የማይጫነው።

ጨረቃ ላይ ደግሞ ስበቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.62 ኒውተን ነው። የእርስዎ ጆንያ እዚያ 97 ኒውተን ይከብዳል። እዚህ የተስተካከለው ሞላ 10 ኪሎ አይሞላም ይላል። አንድ ልጅ ሊያነሣው ይችላል። ነገር ግን በገመድ ተንጠልጥሎ እዚህ በሚወዛወዝበት ፍጥነት ወደ ልጁ ቢወዛወዝ፣ ለማቆም እዚህ የሚያስፈልገውን ያህል ኃይል እዚያም ያስፈልጋል። 60 ኪሎው አልቀነሰማ።

ልጅዎ ምናልባት «ታዲያ የከበደ ነገር ለምን ቀድሞ አይወድቅም?» ትል ይሆናል። መሬት 60 ኪሎውን ከ1 ኪሎው 60 እጥፍ አድርጋ ትስበዋለች። ለማንቀሳቀስም 60 እጥፍ ያስቸግራል። ይካፈሉና ሁለቱም በአንድ ልክ ይፈጥናሉ። የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1971 ጨረቃ ላይ መዶሻና የወፍ ላባ በአንድ ጊዜ ለቆ አብረው ሲያርፉ አሳይቷል። አየር ባለበት ግን ሌላ ኃይል ይጨመራል። ጢስ ዓባይ ላይ የሚወርደው ዋናው ውሃ ቁልቁል ሲምዘገዘግ፣ ደቃቁ ፍንጣቂ ግን አየር ላይ ይንሳፈፋል። ጠብታው ባነሰ ቁጥር ክብደቱ በፍጥነት ይቀንሳል፤ አየሩ የሚይዘው ኃይል ግን እንደዚያ አይቀንስም። እናም አየሩ ያሸንፈዋል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ልመለስ፤ አዲስ አበባ ተስተካክሎ ስለመጣው ዲጂታል ሚዛን። አዲስ አበባ ከእኛም ከፍ ትላለች፤ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለምድር ወገብም ትንሽ ትቀርባለች። ስበቷ 9.774 አካባቢ ነው። እዚያ የተስተካከለ ሚዛን ባሕር ዳር ሲመጣ 60 ኪሎውን ከ20 ግራም ባነሰ ነው አብዝቶ የሚያሳየው። ጆንያ የሚመዘንባቸው ብዙ ሚዛኖች በ20 ወይም በ50 ግራም እየዘለሉ ነው የሚቆጥሩት፤ ይህን ልዩነት ላያሳዩትም ይችላሉ። ስለዚህ በስበቱ በኩል ጣጣ የለውም።

የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። ሚዛኑ በመኪና ሲንገጫገጭ ነው የመጣው። ሎድ ሴሉ ተመትቶ ከሆነ ስህተቱ ከ20 ግራም በብዙ ይበልጣል። መጀመሪያ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ ያስቀምጡት። የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ላይ እስኪሆን እግሮቹን ያስተካክሉ። ከተከፈተ በኋላ ትንሽ ይሙቅ። ባዶውን ዜሮ ማለቱን ይዩ። ከዚያ የታወቀ ብረት ይጫኑበት። 1 ኪሎ ብቻ አስቀምጦ «ትክክል ነው» ማለት አይበቃም፤ ትንሽ ስህተት የሚጎላው ከላይ ነው። ባለ 20 ኪሎ ሦስት ብረት ተከራይተው ወይም ተውሰው እስከ 60 ያድርሱት። አንዱን ብረት ደግሞ በአራቱም ማዕዘን እያዟዟሩ ያንብቡ። በየማዕዘኑ የተለያየ ቁጥር ካለ ሚዛኑ ታሟል። ሲመዝኑም ጆንያው ግድግዳ እንዳይደገፍ፣ የማንም እግር እንዳይነካው። ግድግዳው የሚሸከመውን ኃይል ሚዛኑ አያየውም።

ቁጥሩ ከተዛነፈ ባለሙያ ይጥሩና እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሚዛኑ በሚውልበት ወለል ላይ ያስተካክልልዎ።